ገበያ ውረዱ፣ እሸቱን ቅመሱ፦ የገጠር ገበያን እንዴት እናነባለን?



በዚህ ቻናል በየቀኑ ዋጋ እንለጥፋለን። ዛሬ ግን ዋጋ ከመለጠፍ ይልቅ ዋጋ ከየት እንደሚመጣ እንማማር። የምንለጥፈው ሁሉ ትናንት የተሸጠበት ነው። በስልክ የምትጠይቁት ደግሞ የደላላ ዋጋ ነው፤ ደላላው የሚነግራችሁ ለእሱ የሚመቸውን ነው። የሚቀጥለው ወር አቅርቦት ምን እንደሚመስል ቀድሞ የሚታየው ግን ሌላ ቦታ ነው፦ ገበሬው ራሱ ተሸክሞ በሚመጣበት የገጠር ገበያ፣ በወቅቱ በሚበላው ነገር ላይ። እሸት የሚበላው እህሉ ጎተራ ከመግባቱ በፊት ነው። ስለዚህ እሸቱን ያየ ሰው ምርቱን ቀድሞ አየ ማለት ነው።

ላኪው ውል የሚፈርመው፣ ዩኒየኑ ከባንክ የሚበደረው፣ ነጋዴው መጋዘን የሚከራየው አቅርቦቱን ገምቶ ነው። ግምቱ ከተሳሳተ ኪሳራው የራሱ ነው። ስለዚህ ትምህርቱን በስድስት ነጥብ ከፍለን እንየው።

1. የገበያ ቀንን እና ሰዓትን እወቁ

የገጠር ገበያ በየቀኑ አይቆምም፤ ቀን አለው። ባቲ ሰኞ ነው፤ ሰንበቴ እሑድ ነው፤ ላሊበላ ቅዳሜ ነው፤ ጨንቻ ማክሰኞ እና ቅዳሜ ነው። በአንድ አካባቢ ያሉ ገበያዎች ቀን ተከፋፍለው ስለሚቆሙ ሰብሳቢው ሳምንቱን ሙሉ ከአንዱ ወደ አንዱ ይዞራል። በመጀመሪያው ገበያ ያየውን ዋጋ ይዞ ወደ ቀጣዩ ይሄዳል። ስለዚህ አንድ ገበያ ብቻ አይታችሁ «የአካባቢው ዋጋ ይሄ ነው» አትበሉ። ቢያንስ ሁለቱን ተከታታይ ገበያ እዩ።

ሰዓቱም ዋጋ አለው። ጠዋት ገበያው ሲጀምር ሻጩ ይጠብቃል፣ ገዢውም ይዞራል፤ ዋጋው ገና አልረጋም። እኩለ ቀን ላይ ገበያው ሲሞላ ነው ትክክለኛው ዋጋ የሚታየው። ማምሻው ላይ ደግሞ ከሩቅ የመጣ ሰው ጭነቱን መልሶ ላለመውሰድ ሲል ዝቅ አድርጎ ይሸጣል። በዚህ ሰዓት ደርሳችሁ «ገበያው ወርዷል» ብላችሁ ብትወስኑ ተሸወዳችሁ። ሦስቱንም ሰዓት መዝግቡ።

2. በወቅቱ ያለውን ብሉ፣ የሚናገረውን ስሙ

ገበያ ስትወርዱ ምሳችሁን እዚያው ብሉ። በወቅቱ የደረሰ ነገር ይጣፍጣል፣ ይረክሳል፣ ከዚያም በላይ መረጃ ነው። እንደ አካባቢው ከፍታ እና ዝናብ ወቅቱ ወደፊትም ወደኋላም ይላል፤ ጥቅል መልኩ ግን ይህን ይመስላል፦

👉 ነሐሴ እና መስከረም፦ የበቆሎ እሸት። እሸቱ ገበያ ሲሞላ ቤተሰቡ የሚበላው አገኘ ማለት ነው፤ እህል የመግዛት ግፊቱ ይቀንሳል። ነገር ግን ገበሬው ገንዘብ ቸግሮት እሸቱን በብዛት ከሸጠው ኅዳር ላይ የሚገባው ደረቅ በቆሎ በዚያው ልክ ያንሳል።

👉 መስከረም እና ጥቅምት፦ የባቄላ እና የአተር እሸት። የደጋው ጥራጥሬ እንዴት እንደከረመ እዚህ ይታያል። ውርጭ መትቶት ከሆነ እሸቱ ቀድሞ ያሳብቃል። አደይ አበባ ካበበ በኋላ የሚቆረጠው ማርም የሚመጣው ከዚሁ ወቅት ጀምሮ ነው።

👉 ኅዳር እና ታኅሣሥ፦ አዲስ ጤፍ፣ አዲስ ስንዴ። በዚህ ጊዜ ያለ ወቅቱ ዝናብ ከጣለ በክምር ላይ ያለ እህል ይጎዳል፤ ቀለሙ ይለወጣል። ጤፉን በመዳፋችሁ ይዛችሁ እዩት።

👉 ታኅሣሥ መጨረሻ እና ጥር፦ የሽምብራ እሸት። ይህን ከታች ለብቻው እናየዋለን።

👉 የካቲት እስከ ሚያዝያ፦ ሁዳዴ ጾም። ጿሚው በሚበዛበት አካባቢ የቅቤ፣ የእንቁላል እና የሥጋ ገበያ ይቀዘቅዛል፤ ሽሮ፣ ምስር እና ዘይት ይሞቃሉ። ፋሲካ ሲቃረብ ቅቤው፣ ዶሮው እና በጉ መልሰው ይወደዳሉ።

👉 ሰኔ እስከ ነሐሴ፦ የገበሬው ጎተራ የሚሳሳበት ጊዜ ነው። በትግራይ በለስ የሚደርሰው በዚህ ወቅት ነው፤ ብዙ ቤተሰብ ይደጎምበታል። እህል ገዢው የሚበዛው፣ ሻጩ የሚያንሰው አሁን ነው።

3. አንድ ምሳሌ በዝርዝር፦ የሽምብራ እሸት

ሽምብራ በአደአ፣ በምንጃር እና መሰል ጥቁር አፈር ባለባቸው አካባቢዎች ዝናቡ ሊያበቃ ሲል፣ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም ይዘራል። የሚያድገው መሬቱ በያዘው እርጥበት ነው። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ እሸቱ ይደርሳል፤ ከነሥሩ ተነቅሎ፣ በእስር ታስሮ ገበያ እና መንገድ ዳር ይወጣል። ደረቁ የሚሰበሰበው ከዚያ በኋላ ነው።

ገበሬው እዚህ ላይ ምርጫ አለው፦ አሁን በእሸቱ ይሽጠው ወይስ አድርቆ በኩንታል? እሸት መሸጥ ፈጣን ገንዘብ ነው። መውቃት የለም፣ ማበጠር የለም፣ መጠበቅ የለም። እሸት ደግሞ ሌባ ይወደዋል፤ ማሳው መንገድ ዳር ከሆነ ሌሊቱን ሙሉ ከመጠበቅ ነቅሎ መሸጥ ይሻላል የሚል ብዙ ነው። በእሸት የሄደው ሁሉ ግን ከደረቁ ላይ ተቀናሽ ነው።

ታዲያ ላኪው ምን ያንብብ?

አንድ እስር ግዙና ተቀምጣችሁ ብሉ። 20 እሸት ፈልፍሉ። ስንቱ ባዶ ነው? ስንቱ አንድ ፍሬ፣ ስንቱ ሁለት ፍሬ ያዘ? ስንቱን ትል በስቶታል? ይህን ከአምስት የተለያዩ ሻጮች ብትወስዱ 100 እሸት ፈተሻችሁ ማለት ነው። ከዚያ ቅመሱት። ገና ወተት ወተት የሚል፣ ለስላሳ ከሆነ ማሳው አልደረሰም። ጠንከር ብሎ ዱቄት ዱቄት ካለ እየደረቀ ነው። ጥር አጋማሽ ላይ የሁሉም ሻጭ እሸት ገና ለጋ ከሆነ ደረቁ ይዘገያል። የካቲት መጀመሪያ ላይ ላስረክብ ብሎ ውል የፈረመ ሰው ይህን በወቅቱ ካወቀ ደንበኛውን ቀድሞ ያነጋግራል፤ ካላወቀ ግን በመጨረሻው ሳምንት ያገኘውን በተጠየቀው ዋጋ ይሰበስባል።

በመጨረሻም የእስሩን መጠን እዩ። ባለፈው ገበያ ከነበረው አነሰ ወይስ ተለቀ? ይህ ወደ ቀጣዩ ነጥብ ይወስደናል።

4. መለኪያውን ወደ ኪሎ ቀይሩ

በገጠር ገበያ ብዙ ነገር በኪሎ አይሸጥም። ጣሳ አለ፣ ቁና አለ፣ እስር አለ፣ ድንች እና ሽንኩርት ደግሞ በመደብ ነው። ችግሩ ዋጋው ሳይንቀሳቀስ መለኪያው ሊንቀሳቀስ ይችላል።

ለስሌት ያህል እንበል፦ አንድ መደብ ሽንኩርት 20 ብር ነው። ባለፈው ሳምንት ስትመዝኑት 800 ግራም ነበር፤ ኪሎው 25 ብር መጣ ማለት ነው። ዛሬም መደቡ 20 ብር ነው፤ ግን ስትመዝኑት 600 ግራም ሆነ። ኪሎው 33 ብር ደረሰ። «ዋጋው አልተለወጠም» የሚል ሰው 33 በመቶ ጭማሪ አመለጠው። ስለዚህ የእጅ ሚዛን ከቦርሳችሁ አይጥፋ። ጣሳም ከጣሳ ይለያያል፤ አንዱ ሞልቶ ይሰፍራል፣ ሌላው ቆልሎ ይሰፍራል። ቡና ላይም ቢሆን 17 ኪሎ የሆነውን ፈረሱላ ወደ ኪሎ ቀይሮ ማወዳደር ልማድ ይሁን።

5. እርጥበት ገንዘብ ነው

አዲስ እህል ያምራል፣ ይከብዳልም። የሚከብደው ግን በውኃው ነው። አሁንም ለስሌት ያህል፦ 18 በመቶ እርጥበት ያለው 100 ኩንታል በቆሎ በኩንታል 5,000 ብር ገዛችሁ፤ በጠቅላላው 500,000 ብር። መጋዘን ውስጥ ለማቆየት ወደ 13 በመቶ አደረቃችሁት። ደረቁ አካል 82 ኩንታል ነው፤ 82ን ለ0.87 ስታካፍሉ የሚቀራችሁ 94.25 ኩንታል ገደማ ነው። ስለዚህ የገዛችሁበት እውነተኛ ዋጋ በኩንታል 5,305 ብር አካባቢ ነው። በዚህ ላይ የማድረቂያ ጉልበት እና የሚደፋው ይጨመርበታል።

ሳይደርቅ ከተከማቸ ደግሞ ይሻግታል። ሻጋታ አፍላቶክሲን ያመጣል፤ አፍላቶክሲን ካለበት ጭነቱ ወደብ ደርሶ ሊመለስ ይችላል፤ አገር ውስጥ ቢበላም ጤና ይጎዳል። መሣሪያ ከሌላችሁ ፍሬውን በጥርሳችሁ ስበሩት፦ ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ከተጫነ እና ከላላ አልደረቀም። ይህ መጀመሪያ ማጣሪያ ነው፤ ጭነት ከመነሳቱ በፊት ግን በመሣሪያ ይለካ።

6. ማን እየሸጠ ነው? እህሉስ ወዴት እየሄደ ነው?

ዋነኛው ነጥብ ይሄ ነው። ገበያው መግቢያ ላይ ቆማችሁ ግማሽ ሰዓት እዩ።

በአህያ ጭነው የሚገቡት ከበዙ ትርፍ ምርት እየወጣ ነው። አምስት ኪሎ አስር ኪሎ በቁና ይዘው የተሰለፉ እናቶች ከበዙ ደግሞ ሽያጩ የጨው፣ የቡና፣ የዘይት ገንዘብ ለማግኘት ነው። ሰኔ ላይ ለዘር የተቀመጠ የተመረጠ እህል ገበያ ከወጣ ቤቱ ተቸግሯል። ሐምሌ እና ነሐሴ ላይ አይሱዙ ከከተማ እህል ጭኖ ወደ ገጠሩ ገበያ ሲገባ ካያችሁ ደግሞ ፍሰቱ ተገልብጧል፤ አምራቹ ገዢ ሆኗል።

እዚህ ላይ ለዩኒየኖች አንድ ነገር እንበል። አባላችሁ ኅዳር እና ታኅሣሥ ላይ ለማዳበሪያ ዕዳ እና ለግብር ሲል በረከሰበት ይሸጣል፤ ሐምሌ ላይ ያንኑ እህል በተወደደበት ይገዛል። በመሀል ያለው ልዩነት ከቤቱ የወጣ ገንዘብ ነው። «አቆዩት» ብሎ መምከር ብቻ አይበቃም፤ የሚያቆይበት አቅም ያስፈልገዋል። ጤፍ ነቀዝ አይደፍረውም፤ ስለዚህ የጤፍ ገበሬ ዋናው ችግሩ ጥሬ ገንዘብ ነው። በቆሎ እና ሽምብራ ግን ይነቅዛሉ፤ ለእነሱ በደንብ ማድረቅ እና አየር የማያስገባው ባለሦስት ንብርብር ከረጢት፣ ፒክስ የሚባለው፣ ያስፈልጋሉ። ዩኒየኑ ከምርቱ ከፊሉን ተረክቦ ቅድሚያ ክፍያ ቢሰጥ፣ ቀሪውን በኋላ ሲሸጥ ቢያስተካክል፣ አባሉ ሙሉውን በአንድ የገበያ ቀን ለማራገፍ አይገደድም።

ስትወርዱ ሥነ ሥርዓት ይኑር

📌 «ስንት ኩንታል አለሽ?» ብላችሁ አትጀምሩ። ሰላም በሉ፣ «እማማ፣ ከየት መጡ? ዘንድሮ እንዴት ከረመ?» በሉ። መልሱ ከዋጋው በላይ ይነግራችኋል።

📌 በመኪና ገብታችሁ «ላኪ ነን» ብላችሁ አታውጁ። ዋጋው እዚያው ይዘላል፤ ያያችሁትም የገበያውን ዋጋ ሳይሆን የራሳችሁን ጥላ ነው።

📌 ከአንዲት እስር ሻጭ ላይ ሁለት ብር ለማስቀነስ ጊዜ አታባክኑ። ግዙ፣ ክፈሉ፣ ብሉ፣ ጠይቁ።

📌 ቅሸባ ይቅር። ሚዛኑ የታወቀበት ገዢ በሚቀጥለው ገበያ ጥሩውን እህል አያገኝም።

የቤት ሥራ

በሚቀጥለው የገበያ ቀን በአቅራቢያችሁ ወዳለ ገበያ ውረዱ። በአንድ ወረቀት ላይ አምስት ነገር ጻፉ፦ ቀን እና ሰዓት፣ በወቅቱ የሚበላው እሸት ወይም ፍራፍሬ፣ የመለኪያው ክብደት በግራም፣ የእህሉ ድርቀት፣ ሻጩ ማን እንደሆነ። በሚቀጥለው ሳምንት በዚያው ሰዓት ድገሙት። አንዱ ወረቀት ብቻውን ብዙ አይነግርም፤ አራቱ ግን አቅጣጫ ያሳያሉ። ዓመቱን ሙሉ ከያዛችሁት ደግሞ ከማንም ደላላ የማትገዙት መረጃ በእጃችሁ አለ።

በየአካባቢያችሁ አሁን ገበያ የሞላው የትኛው እሸት ነው? ከመለኪያው ክብደት ጋር በኮሜንት ጻፉልን፤ ሌላውም ይማርበት። ለዩኒየን አባላት እና ለግዢ ሠራተኞቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።

መልካም ገበያ!