የረከሰችው ቤት የማን ሐቅ አለባት?

 

ጅግጅጋ፣ ቀብሪ በያህ ወይም ቶጎ ውጫሌ ውስጥ ጥቂት ጥሪት የቋጠረ ወጣት ከሚያስባቸው ሥራዎች አንዱ ያረጀ ቤት ገዝቶ፣ አድሶ ማከራየት ወይም መልሶ መሸጥ ነው። በመሠረቱ ሐላል ንግድ ነው። ቆርቆሮው የዛገ፣ ግድግዳው የተሰነጠቀ ቤት ተጠግኖ ቤተሰብ ሲገባበት ማየትም ደስ ይላል። ዛሬ የምናነሳው ግን ደላላው «ከገበያ በታች ናት፤ ሌላ ሰው ሳይቀድማችሁ!» ስለሚላት ቤት ነው።

ለምን ረከሰች? የዛገ ቆርቆሮ በዓይን ይታያል፣ ማሳደሻውም ይታወቃል። በዓይን የማይታየው ያልተከፈለ ሚራስ ነው። አባት ሞተዋል። አንዱ ልጅ ሃርጌሳ ነው፣ አንዷ ሚኒሶታ፣ አንዷ እዚሁ ባሏ ቤት። እናት ጓዳ ውስጥ አሉ። ካርታውን የያዘው ታላቅ ወንድም ገንዘብ ቸግሮት ሊሸጥ ተነሳ።

እስቲ እናስላው። ቤቱ 2,400,000 ብር ያወጣል፣ ዕዳና ኑዛዜ የለም እንበል። ወራሾቹ እናታቸው፣ ሁለት ወንዶችና ሁለት ሴቶች ናቸው። በሱረቱ አን-ኒሳእ 11ኛና 12ኛ አንቀጾች መሠረት የሟች ሚስት ስምንተኛውን፣ ማለትም 300,000 ብር ታገኛለች። ቀሪው 2,100,000 ለወንድ የሴት እጥፍ ሆኖ ሲከፈል ለእያንዳንዱ ወንድ 700,000፣ ለእያንዳንዷ ሴት 350,000 ይደርሳል። ሻጩ ያለው 700,000 ብቻ ነው፤ 1,700,000ው የሌሎች ነው። «በ1,800,000 ውሰዱት» ሲል የቀነሰላችሁ 600,000 ብር አብዛኛው ከእናቱና ከእህት ወንድሞቹ ድርሻ ነው።

በአካባቢያችን በሚሠራበት የሻፊዒ መዝሀብ፣ ሰው ያልወከለውን ሰው ንብረት ቢሸጥ በዚያ ድርሻ ላይ ሽያጩ ከመነሻው አይጸናም። የራሱን ድርሻ ብቻ ቢሸጥስ? ይችላል፤ ነገር ግን ንብረቱ ሊከፈል የሚችል ሆኖ ገና ካልተከፈለ ሌሎቹ ሹፍዓ አላቸው። እናንተ የከፈላችሁትን ከፍለው ድርሻውን መውሰድ ይችላሉ። ይህን ሴራሚክ አንጥፋችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ከምትሰሙት አሁን ብትሰሙት ይሻላል።

የአገሪቱም ሕግ እዚህ ላይ ቀልድ አያውቅም። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም፤ የምትገዙት በላዩ ያለውን ቤት ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1723 ደግሞ የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲመዘገብ ያዝዛል። ሠፈር ውስጥ በሦስት ምስክር የተፈረመች ወረቀት ለዚህ አትበቃም። ስለዚህ ቀብድ ከመስጠታችሁ በፊት ከፍርድ ቤት የወጣ የወራሽነት ማረጋገጫ ጠይቁ። ሚኒሶታ ያለችው እህት ውክልና ልካ ከሆነ አንብቡት፤ መሸጥን በግልጽ ይላል? ከዚያ ራሷን ደውላችሁ ጠይቋት። ከጁሙዓ ሶላት ስንወጣ እዚያ ገና አይነጋምና ማታ ይሁን፤ ደላላው ይጠብቅ። እናትየዋን ደግሞ ልጃቸው በሌለበት፣ ከእናታችሁ ወይም ከእህታችሁ ጋር ሄዳችሁ አነጋግሯቸው። ቤቱ ሲሸጥ የት ነው የሚገቡት?

ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የዘገቡትን ታሪክ ታስታውሱ ይሆናል። አንድ ሰው ከሌላው መሬት ገዝቶ ውስጡ ወርቅ የሞላበት እንስራ አገኘ። የገዛሁት መሬቱን እንጂ ወርቁን አይደለም ብሎ ለሻጩ ሊመልስ ሄደ። ሻጩም መሬቱን ከነውስጡ ሸጫለሁ ብሎ እምቢ አለ። የዳኙት ሰው የአንዱን ወንድ ልጅ ከሌላው ሴት ልጅ ጋር እንዲያጋቡ፣ ከወርቁም ለሙሽሮቹ እንዲያወጡና ሰደቃ እንዲሰጡ ፈረዱ። ሁለቱ የተካሰሱት «የእኔ አይደለም» ተባብለው ነው! የእኛ የቤት ክርክሮች በየት በኩል እንደሚሄዱ ታውቃላችሁ።

ሐቁን አጣርታችሁ ገዛችሁ፣ አደሳችሁም እንበል። አሁን ሻጭ እናንተ ናችሁ። ነብያችን (ሶ.ዐ.ወ) ገበያ ላይ እጃቸውን የእህል ክምር ውስጥ ቢያስገቡ እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ ዝናብ እንደመታው ሲነግራቸው፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ አታላይም ከእርሳቸው እንዳልሆነ ተናገሩ። ሙስሊም ዘግበውታል። እርጥብ ግድግዳ ላይ ቀለም መቀባት ከዚያ ክምር በምን ይለያል? ሐርሺን አካባቢ ደግሞ ስንጥቁ በስስ ሲሚንቶ የተለበጠ ብርካ አለ፤ ገዢው የሚያውቀው ዝናቡ አልፎ ውኃው ሲሸሽ ነው። ስትጠግኑ ስንጥቁን ፎቶ አንሡና ለገዢው አሳዩት። ዋጋው ትንሽ ይወርድ ይሆናል፤ ይውረድ።

ስለ ዘካ ለምትጠይቁን በአጭሩ፦ ልትሸጡት አስባችሁ የገዛችሁት ቤት የንግድ ዕቃ ነው፤ ኒሷብ ሞልቶ ዓመት ሲዞርበት በወቅቱ የገበያ ዋጋ 2.5 በመቶ ይወጣለታል። ለማከራየት ከሆነ በቤቱ ላይ ዘካ የለም፤ ዘካው ከኪራዩ ተጠራቅሞ ኒሷብ በሞላና ዓመት በዞረበት ገንዘብ ላይ ነው።

ወላሁ አዕለም።