ዙር ሃውዘንን ስታነቢ

ልጄ፣ ለስፔሻሊቲ ትምህርትሽ የማህፀን በር ካንሰርን ልታጠኚ መሆኑን ስሰማ ደስ አለኝ። ዕድሜዬን የጨረስኩት በዚሁ በሽታ ዙሪያ ስለሆነ ጥቂት ነገር ልልሽ ፈለግሁ። ከመማሪያ መጻሕፍቱ በፊት የጀርመናዊውን ቫይሮሎጂስት የሃራልድ ዙር ሃውዘንን ጽሑፎች ፈልገሽ፣ በታተሙበት ቅደም ተከተል አንብቢያቸው። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅስልሽ።

1ኛ፦ ከሽልማቱ አትጀምሪ። በ2008 የሕክምና ኖቤል ሽልማትን ግማሽ ስለወሰደ ሁሉም የሚያውቀው በዚያ ነው። ከዚያ ተነስተሽ ወደ ኋላ ካየሽው መንገዱ ሁሉ ጥርጊያ ይመስልሻል፤ አልነበረም። በ1970ዎቹ መጀመሪያ አብዛኛው ተመራማሪ የማህፀን በር ካንሰር ያመጣል ብሎ የጠረጠረው ሄርፒስ ሲምፕሌክስ ሁለትን ነበር። ማስረጃቸውም ቀላል አልነበረም፤ በታመሙት ሴቶች ደም ውስጥ የዚህ ቫይረስ ፀረ እንግዳ አካል ከጤነኞቹ ይልቅ በብዛት ይገኝ ነበር። ዙር ሃውዘን ግን ቫይረሱን ራሱን ዕጢው ውስጥ ፈለገው፤ አጣው። በ1974 ፍሎሪዳ ውስጥ በተካሄደ ስብሰባ ላይ ይህንኑ ሲናገር የሰማው እንጂ የተቀበለው ብዙ አልነበረም። በ1976 ደግሞ መጠርጠር ያለበት የብልት ኪንታሮት የሚያመጣው ቫይረስ፣ ሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ (ኤችፒቪ) ነው ብሎ ጻፈ። አንቺም ከዚያች አጭር ጽሑፍ ጀምሪ።

2ኛ፦ «አልተገኘም» የሚለውን ውጤት እንደ ውጤት ቁጠሪው። እዚህ ላይ ረጋ ብለሽ አስቢ። ፈልጎ ማጣት ሁለት ትርጉም ይኖረዋል፦ ወይ ነገሩ የለም፣ ወይ መፈለጊያሽ አያይም። ዙር ሃውዘን መፈለጊያውን ያውቀው ነበር። በ1970 በበርኪት ሊምፎማ ውስጥ የኤፕስታይን ባር ቫይረስን ዲኤንኤ አግኝቶ አሳይቷል፤ ይህም ሐኪሙ ዴኒስ በርኪት ዩጋንዳ ውስጥ በሕፃናት መንጋጋ ላይ አይቶ የመዘገበው ዕጢ ነው። ዘዴው እዚያ ያያል፤ እዚህ አላየም። ስለዚህ ማጣቱ ክብደት ነበረው።

ታዲያ የሄርፒሱ ፀረ እንግዳ አካል ለምን በዛ? ሄርፒሱም ፓፒሎማውም የሚተላለፉት በግብረ ሥጋ ግንኙነት ስለሆነ፣ አንዱ የደረሰባት ሴት ሌላውም ሳይደርስባት አይቀርም። ፀረ እንግዳ አካል የሚነግርሽ ሰውነቷ በሆነ ጊዜ ቫይረሱን ማግኘቱን ብቻ ነው፤ ዕጢውን ማን እንዳበቀለው አይናገርም። መጠይቅሽን ሰብስበሽ «ይህ ከዚያ ጋር ተያያዥነት አለው» ብለሽ ለመጻፍ ስትቀመጪ ይህን ታሪክ አስታውሽው።

3ኛ፦ ዘዴውን እስከ ሥሩ ድረስ ተማሪው። የዙር ሃውዘን ቡድን ይሠራ የነበረው እንዲህ ነው። ከዕጢው የወጣው ዲኤንኤ ጄል ላይ በኤሌክትሪክ ይለያል፤ ከዚያ ወደ ስስ ወረቀት ይሻገራል። የሚፈለገው ቫይረስ ዲኤንኤ በጨረራ ምልክት ይደረግበትና ወረቀቱ ላይ ይፈሳል። ያልተያያዘው ይታጠባል። ወረቀቱ ከኤክስሬይ ፊልም ጋር ጨለማ ውስጥ ለቀናት ይቀመጣል። የሚመሳሰል ካለ ፊልሙ ላይ ጥቁር መስመር ይወጣል።

በእግር ሥር ኪንታሮት ቫይረስ ሲሞክሩት ከማህፀን በር ዕጢ ጋር አልገጠመም። ምክንያቱ የኪንታሮት ቫይረስ አንድ አለመሆኑ ነው፤ ዛሬ ከ200 በላይ ዓይነት ይታወቃል። በ1980 ዙር ሃውዘንና ሉትስ ጊስማን ከብልት ኪንታሮት ስድስተኛውን ዓይነት ለዩ፤ ቀጥሎ ከጉሮሮ ዕጢ 11ኛው ተገኘ። ካንሰሩ ውስጥ ይገኛል ተብሎ የተጠበቀው ግን እነሱም አልነበሩም። ያን ጊዜ የማያያዣውን ጥብቅነት አላሉት፤ ፍጹም ተመሳሳይ የሆነው ብቻ ሳይሆን የሩቅ ዘመዱም እንዲያያዝ ማለት ነው። በ11ኛው ሲፈልጉ ደብዘዝ ያለ መስመር ታየ። ማትያስ ዱርስት የተባለው ተማሪ ያንን ተከትሎ አዲሱን ቫይረስ ነጥሎ አወጣው፤ 16 የሚል ቁጥር ተሰጠው። የመሣሪያሽን ጥብቅነት የት እንደምታጠብቂና የት እንደምታላሊ የማታውቂ ከሆነ እንዲህ ያለ መስመር ፊትሽ ቢመጣም እንደ ቆሻሻ ትቆጥሪዋለሽ።

4ኛ፦ ሠንጠረዡን በጣትሽ እየተከተልሽ አንብቢ። ይህ ግኝት በታተመበት የ1983ቱ ጽሑፍ ላይ ከጀርመን ታማሚዎች ከተወሰዱት 18 የማህፀን በር ካንሰሮች በ11ዱ ውስጥ ኤችፒቪ 16 ተገኝቷል። ከኬንያና ከብራዚል ከመጡት 23 ዕጢዎች ደግሞ በ8ቱ። ካንሰር ባልሆነው የብልት ኪንታሮት ግን ከ33ቱ በ2ቱ ብቻ። ናሙናው ይኸው ነው። ዛሬ አንቺ ብታቀርቢው ገምጋሚው «አነሰ» ይልሻል። ጉልበቱ ያለው ንጽጽሩ ላይ ነው፦ ካንሰሩ ውስጥ ብዙ፣ ካንሰር ባልሆነው ውስጥ ጥቂት።

ያልተገኘባቸውንም ዕጢዎች አልጣሏቸውም። ሌላ ዘመድ ይኖራል ብለው ፍለጋቸውን ቀጠሉ፤ በ1984 ሚካኤል ቦስሃርትና ባልደረቦቹ ኤችፒቪ 18ን ይዘው ወጡ። ሁለቱ ዓይነቶች በዓለም ካለው የማህፀን በር ካንሰር 70 በመቶ ያህሉን እንደሚያመጡ በኋላ ታወቀ። የአፍሪካ ሴቶች ዕጢ በዚህ ሥራ ውስጥ ከመጀመሪያው እንዳለ ልብ በይ። «ይህ የፈረንጅ ሳይንስ ነው» የሚልሽ ቢመጣ ሠንጠረዡን አሳይው።

5ኛ፦ ከእያንዳንዱ ቁጥር ጀርባ ያለችውን ሴት አክብሪ። ኤችፒቪ 18 ከተገኘባቸው መካከል ሂላ የሚባሉት ሴሎች አሉበት። እነዚህ ሴሎች የሄንሪታ ላክስ ናቸው፤ በ1951 ባልቲሞር ውስጥ በዚሁ ካንሰር በ31 ዓመቷ የሞተች፣ የአምስት ልጆች እናት። ሴሎቿ ሲወሰዱ ፈቃዷን የጠየቀ አልነበረም። የኬንያዎቹን ሴቶች ስም ደግሞ አናውቅም። አንቺ ናሙና ስትወስጂ የፈቃድ ወረቀቱን አስፈርሞ መሄድ እንዳይበቃሽ። በምትናገረው ቋንቋ አስረጃት፣ መጠየቅ እንደምትችል ንገሪያት፣ እምቢ ብትል ሕክምናዋ እንደማይጓደል አረጋግጪላት። ውጤቱ ሲደርስም መጀመሪያ የምትሰማው እሷ ትሁን።

6ኛ፦ ያገኘሽውን ለሌላው ስጪ። ዙር ሃውዘን የ16ንና የ18ን ዲኤንኤ ለጠየቁት ላቦራቶሪዎች ሁሉ ሰጥቷል። ሥራው በጥቂት ዓመታት ውስጥ በብዙ አገር ሊፈተሽ የቻለው በዚህ ነው።

7ኛ፦ መገኘትና ማምጣት አንድ እንዳልሆኑ ለራስሽም ለታማሚሽም ለዪ። በ1985 የእሱ ቡድን በካንሰሩ ሴሎች ውስጥ የቫይረሱ ኢ6 እና ኢ7 የሚባሉ ጂኖች ሥራ ላይ መሆናቸውን አሳየ። ኢ6 ፒ53 የተባለውን ጠባቂ ፕሮቲን እንደሚያስወግድ፣ ኢ7 ደግሞ የሴሉን መባዛት የሚገታውን አርቢ ፕሮቲን እንደሚይዝ ሌሎች ተከትለው አረጋገጡ። የምክንያት ሰንሰለቱ የተጠናቀቀው እንዲህ ነው። በ1999 በወጣ ጥናት ደግሞ ቫይረሱ ከማህፀን በር ካንሰሮች በ99.7 በመቶው ውስጥ ተገኘ።

ነገር ግን ቫይረሱ ከያዛቸው ሴቶች የአብዛኞቹ ሰውነት በሁለት ዓመት ውስጥ ያጠፋዋል። ካንሰር የሚሆነው ሳይጠፋ የቆየው ነው፤ ያም ከ15 እስከ 20 ዓመት ይወስዳል። ኤችአይቪ በደማቸው ያለባቸው ሴቶች ላይ ግን ይፈጥናል፤ ተጋላጭነታቸውም ስድስት እጥፍ ነው። ስለዚህ «ቫይረሱ ተገኝቶብሻል» ብለሽ ዝም አትበይ። እኔ ያየሁት ብዙ ጊዜ ሴትየዋ ከካንሰሩ በፊት የምትፈራው ባሏን ነው። «ማን አመጣው?» የሚለው ጥያቄ ቤት ያፈርሳል። ቫይረሱ መቼ እንደገባ ማንም ሊናገር እንደማይችል፣ ለዓመታት ተደብቆ ሊቆይ እንደሚችል፣ ግንኙነት ጀምረው ሳያገኛቸው የሚቀሩት ጥቂቶች እንደሆኑ ቁጭ ብለሽ አስረጂ። ባልየውም ካለ አብሮ ይስማ።

8ኛ፦ ሁሉንም በቫይረስ አታሳብቢ። የማህፀን በር ካንሰር ከሞላ ጎደል በሙሉ፣ የብልት ቱቦ ካንሰር አብዛኛው፣ የውጭው ብልት ካንሰር ደግሞ ከፊሉ በኤችፒቪ ይመጣል። የእንቁላል ማቀፊያና የማህፀን ግድግዳ ካንሰር ግን ሌላ መንስኤ አላቸው። ታማሚዎችሽ ሁሉንም «የማህፀን ካንሰር» ብለው ስለሚጠሩት የትኛው እንደሆነ በሥዕል አሳዪያቸው።

9ኛ፦ ጽሑፉ ምርመራ ክፍልሽ ድረስ እስኪደርስ ተከተይው። በ1991 ብሪስቤን ውስጥ ኢያን ፍሬዘርና ጂያን ዦው የቫይረሱን ሽፋን ብቻ፣ ውስጡን ባዶ አድርገው ሠሩ፤ በዚህ ላይ የተመሠረተው ክትባት በ2006 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ስዊድን ውስጥ ከ17 ዓመታቸው በፊት በተከተቡት ላይ ካንሰሩ 88 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። እኛም ኢትዮጵያ ውስጥ በ2018 ለ14 ዓመት ልጃገረዶች መስጠት ጀምረናል።

እናቶቻቸው ግን ክትባቱ ያመለጣቸው ናቸው። ለእነሱ ያለን ጤና ጣቢያው ውስጥ ያለው ምርመራ ነው፦ ነርሷ መብራቱን ታስተካክላለች፣ ጥጡን አሴቲክ አሲድ ውስጥ ነክራ የማህፀኑን በር ትቀባለች፣ አንድ ደቂቃ ትጠብቃለች። ጠርዙ የለየ ነጭ ከታየ፣ ለማቀዝቀዝ ወይም ለሙቀት ሕክምናው የሚመች ከሆነ፣ በዚያው ቀን ማከም ይቻላል። የምርምር ርዕስሽን እዚህ ፈልጊው። ነጩ ከታየባቸው ስንቶቹ በዚያው ቀን ታከሙ? መሣሪያው ተበላሽቶ ወይም ጋዙ አልቆ የተቀጠሩት ምን ሆኑ? መዝገቡ ላይ «አልተመለሰችም» ተብሎ የታለፈችውን በስልክ፣ ካልሆነም በጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ በኩል አፈላልጊያት፤ ያልተመለሰችበትንም ምክንያት ከራሷ አፍ ሰምተሽ መዝግቢ።