የኢቴሪየምን መዝገብ በኤፒአይ ማንበብ፦ ከቀሪ ሒሳብ እስከ ትራንዛክሽን ደረሰኝ

«ገንዘቡ ተልኳል» የሚል ስክሪንሾት ማስረጃ አይሆንም፤ ምስል በደቂቃዎች ውስጥ ተቀነባብሮ ይሠራል። የትራንዛክሽኑ መለያ አብሮ ቢላክ እንኳ፣ መለያው መኖሩ ብቻውን ገንዘቡ መድረሱን አያረጋግጥም። ደግነቱ ኢቴሪየም ላይ የሚፈጸም ዝውውር ሁሉ ለማንም ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ ይሰፍራል። መዝገቡን ለማንበብ የማንም ፈቃድ አያስፈልግም፤ ለኔትወርኩ የሚከፈል ነገርም የለም። የሚያስፈልገው በትክክል መጠየቅና የመጣውን መልስ በትክክል መረዳት ነው። መጠየቁ ቀላል ነው። ሰው የሚሳሳተው መልሱ ላይ ስለሆነ ብዙውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

መመሪያው ለቴሌግራም ቦት ወይም ለድረ ገጽ የክፍያ ማረጋገጫ ለሚጽፍ ፕሮግራመር፣ ሒሳብ ለሚመረምር ባለሙያና የገንዘብ ዱካ ለሚከተል ጋዜጠኛ ይጠቅማል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የአገሪቱ መገበያያ ብር መሆኑን ጠቅሶ፣ ሕዝቡ ከክሪፕቶ ግብይት እንዲጠነቀቅ በ2014 ዓ.ም. ማሳሰቡ ይታወሳል። እዚህ የምናነሣው መገበያየትን ሳይሆን መዝገብ ማንበብን ነው።

የትዕዛዞቹን ስም በፊደላችን እጽፋለሁ። ኮድ ውስጥ ስታስገቧቸው «ኢት» ከሚለው መነሻ ቀጥሎ የሥር ሰረዝ ይገባል፤ የቀሩት ቃላት ያለ ክፍተት ይያያዛሉ፤ ከሥር ሰረዙ ቀጥሎ ያለው ቃል በትንሽ ፊደል፣ ከዚያ በኋላ ያሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው በትልቅ ፊደል ይጀምራሉ። አንዲት ፊደል ከተዛባች ኖዱ ትዕዛዙን አያውቀውም።

መግቢያውን ማዘጋጀት

መዝገቡ የሚቀመጠው ኖድ በሚባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የራስን ኖድ ማቆም ከሁሉ የተሻለ ነጻነት ይሰጣል፤ ነገር ግን ከ1 ቴራባይት በላይ የሆነ ፈጣን ዲስክና የማይቋረጥ ኢንተርኔት ይፈልጋል። መብራት በሚጠፋበት አካባቢ ኖዱ ወደ ኋላ እየቀረ ያስቸግራል። ስለዚህ አብዛኛው ሰው እንደ ኢንፉራ፣ አልኬሚ ወይም ኩዊክኖድ ባሉ አቅራቢዎች ኤፒአይ ይጠቀማል። ተመዝግባችሁ ፕሮጀክት ስትከፍቱ የመግቢያ አድራሻና የኤፒአይ ቁልፍ ታገኛላችሁ። ቁልፉን ኮዱ ውስጥ አትጻፉት፤ በኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል አስቀምጡት። ኮዳችሁ ጊትኸብ ላይ ሲወጣ ቁልፉም አብሮ ከወጣ ሌላ ሰው ኮታችሁን ይጨርስባችኋል።

የኤፒአይ ቁልፍ ሌላ፣ የዋሌት ቁልፍ ሌላ ነው። መዝገብ ለማንበብ ፕራይቬት ኪይም ሆነ የዋሌታችሁ 12 ወይም 24 ቃላት ፈጽሞ አያስፈልጉም። «ትራንዛክሽኑን ላረጋግጥልህ፣ ቃላቱን ላክልኝ» የሚል ሰው፣ ቦት ወይም ድረ ገጽ ካጋጠማችሁ ሌባ ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ

ጥያቄው በኤችቲቲፒ ፖስት የሚላክ አጭር የጄሰን ጽሑፍ ነው። አራት ነገር ይይዛል፦ የጄሰን አርፒሲ ስሪት፣ እሱም 2.0 ነው፤ የትዕዛዙን ስም፤ ትዕዛዙ የሚፈልጋቸውን መረጃዎች በዝርዝር፤ መልሱን ከጥያቄው ጋር የምታዛምዱበትን ቁጥር። በከርል፣ በፖስትማን ወይም በፓይተን መላክ ይቻላል።

«ኢት ቼይን አይዲ» በሚለው ትዕዛዝ ጀምሩ። ባዶ ዝርዝር ይዞ ይላካል፤ የየትኛው ኔትወርክ መዝገብ ፊት እንደቆማችሁ ይነግራችኋል። ዋናው ኢቴሪየም 1 ብሎ ይመልሳል፤ ሴፖሊያ የተባለው የሙከራ ኔትወርክ 11155111። ይህን የሚዘል ሰው ብዙ ነው፤ መዝለል ግን አይገባም። አንዱ የዋሌት አድራሻ በሁለቱም ኔትወርኮች ላይ ይሠራል፤ ኢተር የኢቴሪየም መገበያያ ነው፤ የሴፖሊያው ኢተር ግን በነጻ የሚታደል፣ ዋጋ የሌለው ነው። ሴፖሊያ ላይ የተላከ 5 ኢተር ደረሰኙ ፍጹም ትክክል ሆኖ ይታያል፤ ገንዘብ ግን አይደለም።

እዚሁ ላይ ስለ ስሕተት መልስ ልናገር። በጄሰን አርፒሲ ጥያቄው ባይሳካም ብዙ ጊዜ የኤችቲቲፒ ኮዱ 200 ሆኖ ይመጣል፤ ስሕተቱ የሚነገረው በመልሱ ውስጥ «ኤረር» በሚለው መስክ ነው። የኤችቲቲፒ ኮዱን ብቻ የሚያይ ፕሮግራም ስሕተቱን እንደ መልካም መልስ ይቀበላል፤ ውጤቱን ሲያጣም ዜሮ ብሎ ይመዘግባል። ፕሮግራማችሁ ሁለቱንም ይመርምር።

ቀሪ ሒሳብ

«ኢት ጌት ባላንስ» ሁለት ነገር ይፈልጋል፦ አድራሻና የብሎክ፣ ማለትም የመዝገቡ አንድ ገጽ፣ ቁጥር። አድራሻው ከዜሮ ኤክስ መነሻ በኋላ 40 ምልክቶች አሉት። አንዱን ስታሳስቱ ኖዱ ብዙውን ጊዜ አይቃወማችሁም፤ ማንም የማይጠቀምበትን አድራሻ ፈልጎ ዜሮ ይላችኋል። በብሎክ ቁጥሩ ቦታ «ሌተስት» የሚለውን ቃል ካስገባችሁ የአሁኑን፣ «ፋይናላይዝድ» ካላችሁ የጸናውን ሒሳብ ታገኛላችሁ።

መልሱ በአሥራ ስድስትዮሽ የተጻፈ ሙሉ ቁጥር ነው፤ የሚቆጥረውም በኢተር ሳይሆን በዌይ ነው። አንድ ኢተር 1 ተጽፎ 18 ዜሮ የተከተለው ዌይ ነው። በፓይተን ሙሉ ቁጥር ወሰን ስለሌለው ችግር የለም። ጃቫስክሪፕት ግን በተራው የቁጥር ዓይነት በትክክል የሚይዘው እስከ 9,007,199,254,740,991 ድረስ ብቻ ነው፤ ይህ ወደ ኢተር ሲለወጥ 0.009 አካባቢ ነው። ከዚያ በላይ የሆነ ሒሳብ ሁሉ የመጨረሻ አኃዞቹ ሳይታወቅ ሊዛቡ ይችላሉ። ቢግኢንት ተጠቀሙ፤ ወደ ኢተር የምትለውጡት ለሰው ዓይን ስታሳዩት ብቻ ይሁን።

ያለፈውን ወር ሒሳብ ስትጠይቁ ስሕተት ከመጣ አትደነቁ። ተራ ኖድ የአካውንቶችን ሁኔታ የሚያስታውሰው ለመጨረሻዎቹ 128 ብሎኮች ያህል ነው፤ በየ12 ሴኮንዱ አንድ ብሎክ ስለሚወጣ ይህ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም። ለዓመት መዝጊያ ሒሳብ የምትሠሩ ከሆነ አርካይቭ ኖድ የሚያቀርብ አገልግሎት ምረጡ።

ስለ አካውንቱ ሁለት ተጨማሪ ጥያቄዎች አሉ። «ኢት ጌት ትራንዛክሽን ካውንት» ከዚያ አድራሻ የወጡትን ትራንዛክሽኖች ብዛት ይነግራል፤ የገቡትን አይቆጥርም። «ኢት ጌት ኮድ» ደግሞ አድራሻው የሰው ዋሌት ነው ወይስ ስማርት ኮንትራት የሚለውን ለመለየት ይረዳል፤ ባዶ ከሆነ ዋሌት ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 7 ቀን 2025 ፔክትራ የተባለው ማሻሻያ ከገባ ወዲህ ግን የሰው ዋሌትም ወደ ሌላ ኮድ የሚያመለክት አጭር ጽሑፍ ሊይዝ ይችላል። ስለዚህ «ኮድ አለው፣ ስለዚህ ኮንትራት ነው» የሚለው የቆየ ፍርድ አሁን አይሠራም።

አንድ ትራንዛክሽን በቅርብ

በእጃችሁ እንድትሞክሩት ከኢቴሪየም ትራንዛክሽኖች የመጀመሪያውን እንጠይቅ። ብሎክ 46147 ላይ ይገኛል፤ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. ኦገስት 7 ቀን 2015፣ በእኛ ነሐሴ 1 ቀን 2007 ዓ.ም. ነው። የመለያ ቁጥሩን መያዝ አያስፈልግም፤ «ኢት ጌት ትራንዛክሽን ባይ ብሎክ ነምበር ኤንድ ኢንዴክስ» ለሚለው ትዕዛዝ የብሎኩን ቁጥርና የተራውን ቁጥር ዜሮ፣ ሁለቱንም ወደ አሥራ ስድስትዮሽ ለውጣችሁ፣ ስጡት።

ከመልሱ ውስጥ «ቫልዩ» የሚለውን መስክ ተመልከቱ። ከዜሮ ኤክስ በኋላ 7፣ ኤ፣ 6፣ 9 ይላል፤ ሲፈታ 31337 ነው። ይህ ዌይ ነው፤ ሳንቲም እንኳ የማይሞላ። «ጋዝ ፕራይስ» የሚለው ሲፈታ 50,000,000,000,000 ዌይ ይሆናል። የተጠቀመው ጋዝ፣ ማለትም የሥራው መጠን መለኪያ፣ 21000 ነው፤ ተራ የኢተር ዝውውር ምንጊዜም የሚፈጀው ይህንኑ ነው። ሁለቱን ስታባዙ የመላኪያው ክፍያ 1.05 ኢተር ይመጣል። ላኪው ከምንም የማይቆጠር መጠን ለማስተላለፍ ከአንድ ኢተር በላይ ከፍሏል ማለት ነው። ይህን ስሌት በራሳችሁ ኮድ ሠርታችሁ 1.05 ካገኛችሁ ቁጥር የምትፈቱበት ክፍል በትክክል ይሠራል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ትራንዛክሽኑን ስትጠይቁ የምታገኙት የላኪውን ትዕዛዝ ነው፤ ከማን፣ ወደ ማን፣ ስንት። ትዕዛዙ መፈጸም አለመፈጸሙ እዚያ ላይ አይታይም። የከሸፈ ትራንዛክሽንም መዝገቡ ላይ ይሰፍራል፤ ክፍያውም ይቆረጣል፤ የ«ቫልዩ» መስኩም ይላካል የተባለውን ሙሉ መጠን እንዳሳየ ይቀራል። ገንዘቡ ግን ከላኪው እጅ አልወጣም። ማረጋገጫው ያለው ደረሰኙ ላይ ነው፤ ትዕዛዙም «ኢት ጌት ትራንዛክሽን ሪሲት» ይባላል። በደረሰኙ ውስጥ «ስታተስ» 1 ከሆነ ተሳክቷል፤ 0 ከሆነ ከሽፏል። መልሱ ባዶ ሆኖ ከመጣ ደግሞ ትራንዛክሽኑ ገና ብሎክ ውስጥ አልገባም፣ ወይም ከነጭራሹ የለም። ይህ መስክ የተጨመረው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 2017 በብሎክ 4,370,000 ላይ ስለሆነ ከዚያ በፊት ባሉ ደረሰኞች፣ በዚያ በመጀመሪያውም ትራንዛክሽን ላይ፣ አታገኙትም።

ስታተስ 1 ሆኖም ትንሽ መታገሥ ያስፈልጋል። ገና የወጣ ብሎክ አልፎ አልፎ በሌላ ይተካል። ብሎኮች እስከ 32 እየሆኑ በጥቅል በጥቅል ይጸናሉ፤ በተለመደው ሁኔታ 13 ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። «ኢት ጌት ብሎክ ባይ ነምበር» በሚለው ትዕዛዝ የ«ፋይናላይዝድ» ብሎክን ቁጥር ጠይቁ፤ በደረሰኙ ላይ ያለው የብሎክ ቁጥር ከእሱ እኩል ወይም ያነሰ ሲሆን፣ ደረሰኙን እንደገና ጠይቃችሁ ያው መሆኑን አይታችሁ ዕቃውን አስረክቡ። ለአንድ ማኪያቶ ዋጋ ይህን ያህል መጠበቅ አያስፈልግም፤ ለላፕቶፕ ግን ያስፈልጋል።

ዩኤስዲቲና ሌሎች ቶክኖች

የዩኤስዲቲ ሒሳብ በ«ኢት ጌት ባላንስ» አይታይም፤ እሱ የሚያውቀው ኢተርን ብቻ ነው። ቶክን የሚመዘገበው በራሱ ስማርት ኮንትራት ውስጥ ስለሆነ ጥያቄው በ«ኢት ኮል» በኩል ለኮንትራቱ ይቀርባል። የሚላከው መረጃ 70ኤ08231 በሚለው የ«ባላንስ ኦፍ» መለያ ይጀምራል፤ ቀጥሎ የምትጠይቁት አድራሻ መነሻው ተነሥቶለት፣ 64 ምልክት እስኪሞላ ከፊቱ ዜሮ ተደርድሮለት ይገባል። መልሱን የምታካፍሉበት ቁጥር ከቶክን ቶክን ይለያያል፤ ኢቴሪየም ላይ ያለው ዩኤስዲቲ 6 አሥርዮሽ ቤት ሲኖረው ዳይ የተባለው ቶክን 18 አለው። በግምት አትሥሩ፤ ኮንትራቱን ራሱን «ዴሲማልስ» በሚለው ጥሪ ጠይቁት።

እዚህ ላይ የሚሠራው ማጭበርበር የታወቀ ነው። ማንም ሰው ዩኤስዲቲ የሚል ስም ያለው የራሱን ኮንትራት መክፈት ይችላል፤ ስም የሚከለክል የለም። ስለዚህ ፕሮግራማችሁ ቶክንን በስሙ ሳይሆን በኮንትራቱ አድራሻ ይለይ፤ አድራሻውንም ከአውጪው ድርጅት ገጽ ላይ ውሰዱት።

የቶክን ዝውውሮችን ታሪክ «ኢት ጌት ሎግስ» ይሰጣችኋል። የኮንትራቱን አድራሻ፣ መነሻና መድረሻ ብሎክ፣ እንዲሁም የ«ትራንስፈር» ክስተትን መለያ ትሰጡታላችሁ፤ ሁለተኛው ማጣሪያ ላኪውን፣ ሦስተኛው ተቀባዩን ይወስናል። አቅራቢዎች በአንድ ጥያቄ የምትሸፍኑትን የብሎክ ብዛት ስለሚገድቡ ሰፊውን ጊዜ ቆራርጣችሁ ጠይቁ። 429 የሚል ኮድ ከመጣ ፈጥናችኋል ማለት ነው፤ ከመድገም በፊት የምትጠብቁትን ጊዜ እያራዘማችሁ ሞክሩ።

«የዚህን አድራሻ ትራንዛክሽኖች ሁሉ ስጠኝ» የሚል ትዕዛዝ ግን ኖዱ የለውም። ጀማሪዎች ቀናት ሙሉ የሚፈልጉት ይህንኑ ነው። መዝገቡ በብሎክ ተራ እንጂ በባለቤት ስም አልተደረደረም፤ በአድራሻ የሚደረድሩት እንደ ኢተርስካን ያሉ አገልግሎቶች ናቸው። የኢተርስካን ኤፒአይ «ቲኤክስ ሊስት» ተራ ትራንዛክሽኖችን፣ «ቲኤክስ ሊስት ኢንተርናል» ደግሞ በስማርት ኮንትራት በኩል የተላለፈ ኢተርን ያወጣል። ሁለተኛውን የማይጠይቅ የሒሳብ ሠራተኛ ሒሳቡ አይዘጋለትም፤ በኮንትራት በኩል የገባ ኢተር በመጀመሪያው ዝርዝር ውስጥ የለምና።

ዝርዝሩን ስታወጡ መጠናቸው ዜሮ የሆነ፣ እናንተ የማታውቋቸው ዝውውሮች ልታዩ ትችላላችሁ። አጭበርባሪዎች ሆን ብለው ያስገቧቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ምልክቶች ከደንበኛችሁ አድራሻ ጋር አንድ የሆነ አድራሻ ያዘጋጁና ታሪካችሁ ውስጥ ይሰነቅሩታል። የመላኪያ አድራሻን ከታሪክ ዝርዝር ላይ ቀድታችሁ አትጠቀሙ፤ 40ዎቹንም ምልክቶች ከባለቤቱ ከተቀበላችሁት ጋር አስተያዩ።