የትምህርት ቤት ሶላር በማን ኪስ?

ሮቢት ሲባል ብዙ ሰው ሸዋ ሮቢትን ያስባል። እኔ የማወራው ከወልዲያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ስላለው ስለ ራያው ሮቢት ነው። እዚህ ፀሐይ አትለመንም፤ የሚለመነው በጀት ነው። ለትምህርት ቤት ጣሪያ ሶላር ሲታሰብ መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ከፋዩ ማን እንደሆነ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይመጣል?

«መንግሥት ሠራው» የሚለው ቃል ብዙ ነገር ይሸፍናል። የዓለም ባንክ በመጋቢት 2013 ዓ.ም. ለኤሌክትሪክ ተደራሽነት 500 ሚሊዮን ዶላር ሲያጸድቅ፣ በዕቅዱ 1,400 የጤናና የትምህርት ተቋማት ነበሩበት። ገንዘቡ ብድር ነው። ዛሬ በዚያ መብራት የሚያጠና ልጅ ነገ ግብር ከፋይ ሲሆን ዕዳው ይደርሰዋል። ለህዳሴ ግድብ ደግሞ አበዳሪዎቹ እኛው ነበርን፤ መምህሩ ከደመወዙ እያስቆረጠ ቦንድ ገዝቷል።

ወረዳው የሚተዳደረው ግን ክልሉ በሚልክለት ጥቅል በጀት ነው። ትልቁን ድርሻ ደመወዝ ይወስደዋል፤ ለጠመኔና ለወረቀት የሚተርፈው ሥራ ማስኬጃ ትንሽ ነው።

ባትሪው

ሒሳቡን እንሥራው። አራት ኮምፒውተር በ60 ዋት፣ አሥር አምፖል በ10 ዋት፤ ድምሩ 340 ዋት ነው። ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ቢበሩ 1,020 ዋት-ሰዓት ይበላሉ። ባለ 12 ቮልትና 100 አምፒር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ 1,200 ዋት-ሰዓት ስለሚይዝ አንዱ የሚበቃ ይመስላል። ነገር ግን ደጋግሞ ከግማሽ በታች ከወረደ ቶሎ ይሞታል፤ ስለዚህ ሁለት ያስፈልጋል።

ፓነሉ ከ20 ዓመት በላይ ያገለግላል። እንዲህ ያለው ባትሪ ግን ብዙውን ጊዜ የሚያገለግለው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ነው፤ ሙቀት ደግሞ ዕድሜውን ይቀንሰዋል። በእኛ ቆላ ቀትር ላይ ቆርቆሮ እንዴት እንደሚግል የምታውቁት ነው፤ ባትሪ በተዘጋ የቆርቆሮ ክፍል ውስጥ አይቀመጥም፣ ጥላና ነፋስ ይፈልጋል።

ብድሩ ፓነሉንና የመጀመሪያዎቹን ባትሪዎች ገዛ እንበል። ተተኪዎቹንስ ማን ይገዛል? በ1997 ዓ.ም. የተጀመረውን የፕላዝማ ትምህርት አስታውሱ። መሣሪያው በአገር ደረጃ ተገዝቶ ደረሰ፤ መብራትና ጥገና በታጡበት ግን ስክሪኑ ጨለመ።

መኪናውና ያልተሰበሰበው ግብር

የሕዝብ ገንዘብ የሚወጣው በበጀትና በብድር ብቻ አይደለም፤ ሳይሰበሰብ በሚቀር ግብርም ነው። በ2014 ዓ.ም. መንግሥት ለኤሌክትሪክ መኪና ተጨማሪ እሴት ታክስን፣ ኤክሳይዝንና ሱር ታክስን አነሳ፤ ተገጣጥሞ ለሚገባው ጉምሩክ 15 በመቶ ሆነ። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት አውቶሞቢል ማስገባት ታገደ። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ ስለምንገዛና ኤሌክትሪካችን ከሞላ ጎደል ከውኃ ስለሚመነጭ እርምጃውን እደግፈዋለሁ። ሆኖም ያልተሰበሰበ ግብርም የሕዝብ ገንዘብ ነው፤ መጀመሪያ የሚጠቅመውም መኪና የመግዛት አቅም ያለውን ነው። የሮቢት ተማሪ በእግሩ፣ ቢበዛ በባጃጅ ይመጣል። በእኔ አስተያየት ለእሱ የሚቀድመው የትምህርት ቤቱ ባትሪ ነው።

ወላጆች፣ የሶላር ዜና ሲመጣ በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ «የባትሪ መቀየሪያው በየትኛው የበጀት ርዕስ ተያዘ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱም በቃለ ጉባኤ ይጻፍ።