እንቁላሉን በአፉ የሚታቀፍ ዓሣ

ዶሮ እንቁላሏን ታቅፋ 21 ቀን መቀመጧን በየቤታችን ያየነው ስለ ሆነ ማንም አይደነቅበትም። ዓሣ እንቁላሉን ይታቀፋል፤ ያውም እናቲቱ ሳትሆን አባትየው፤ ያውም በአፉ ውስጥ ቢባል ግን ለብዙ ሰው ተረት ይመስላል። እኔ ይህን ነገር በቤታችን ባለው የመስተዋት ገንዳ በዓይኔ ተመልክቼዋለሁ። ስለዚህ የሕይወት ሳይንስ ትምህርት ለሚወዱ ጓደኞቼና ዓሣ በቤታቸው ለማርባት ለሚያስቡ ሁሉ የተማርሁትን በአጭሩ ላቀርብ ወደድሁ።

1ኛ፤ ዓሣው ምን ዓይነት ነው?

ቤታ በሚባለው ወገን ውስጥ ከ70 የሚበልጡ ዓይነቶች ይቆጠራሉ። አገራቸው ደቡብ ምሥራቅ እስያ ነው። ከእነርሱ መካከል በዓለም ሁሉ የታወቀው የታይላንዱ ተዋጊ ዓሣ ነው። የእርሱ ወንድ በውሃው ፊት ላይ የአረፋ ጎጆ ሠርቶ እንቁላሉን እዚያ ያኖራል። ይህ ዘዴ የሚመቸው ግን ውሃው ጸጥ ብሎ በተኛበት ቦታ ነው። በጫካ ውስጥ በሚፈስ ጅረት ላይ አረፋው ወዲያው ተጠርጎ ይሄዳል። ብዙዎቹ የጅረት ቤታዎች ጎጆ በመሥራት ፈንታ አፋቸውን ጎጆ ያደረጉት ስለዚህ ነው ተብሎ ይታሰባል።

እኔ ያረባሁት ቤታ አልቢማርጂናታ የሚባለውን ነው። ይህ ስም በላቲን ቋንቋ ‹‹ጠርዙ ነጭ›› እንደ ማለት ሲሆን፤ የወጣለትም እ.ኤ.አ. በ1994 ነው። የሚኖረው በቦርኔዮ ደሴት በኢንዶኔዥያ ክፍል፤ የወደቀ ቅጠል በሸፈነው ጥልቀት የሌለው የጫካ ጅረት ውስጥ ነው። ርዝመቱ 5 ሴንቲሜትር ያህል ነው። የወንዱ ክንፎች ቀላ ያሉ ሆነው ጫፋቸው ላይ ጥቁር፤ ከጥቁሩም ውጭ ነጭ መስመር አላቸው። ሴቲቱ ደብዘዝ ያለች ናት፤ ጭንቅላቷም ከወንዱ ያነሰ ነው።

የአገራችንን ዓሦች ለሚያውቅ ሰው ነገሩ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። አምባዛ ከውሃ ላይ ብቅ ብሎ አየር እንደሚስብ ሁሉ ቤታም አየር የሚስብበት የተለየ የአካል ክፍል አለው። በጣናና በሐዋሳ ሐይቆች የሚገኘው ቆሮሶም እንቁላሉን በአፉ ይይዛል። ልዩነቱ በቆሮሶ ዘንድ ይህን ሥራ የምትሠራው እናቲቱ መሆኗ ነው።

2ኛ፤ ስለ ማኖሪያው

ለአንድ ጥንድ 40 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። የቧንቧውን ውሃ ክሎሪኑ እንዲጠፋ አፈ ሰፊ በሆነ ባልዲ 1 ቀን አሳድሬ እጨምራለሁ። የውሃው ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይሁን። ከታች የደረቀ ቅጠል፤ ከዳር የውሃ ተክል አድርጌ ብርሃኑን አደበዝዛለሁ። የማጣሪያው መሣሪያ ውሃውን በኃይል የሚያናውጥ መሆን የለበትም። ክዳን ግን የግድ ያስፈልጋል። አንደኛ፤ እነዚህ ዓሦች ዘለው ይወጣሉ። ሁለተኛ፤ በክዳኑ ሥር ያለው ሞቅ ያለ አየር ለሚተነፍሱት ዓሦች ይስማማቸዋል።

ምግባቸው የትንኝ እጭና ይህን የመሰለ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ወንዱ ወደ ፊት ረጅም ጾም ስለሚጠብቀው አስቀድሞ በደንብ መቀለብ አለበት።

3ኛ፤ እንቁላል ስለ መጣል

ጊዜው ሲደርስ ወንዱ ሰውነቱን አጥፎ ሴቲቱን ያቅፋታል። እንቁላሎቹ ጥቂት በጥቂት ይወርዳሉ። ከዚያ በኋላ የሚሆነው እጅግ የሚያስገርም ነው። ሴቲቱ እንቁላሎቹን በአፏ ለቅማ በወንዱ ፊት አንድ በአንድ ትተፋለታለች፤ እርሱም እየቀለበ ወደ አፉ ያስገባል። አንዳንዴ መልሳ ለራሷ ትይዝና ቆይታ ደግሞ ትሰጠዋለች። ይህ ነገር ብዙ ሰዓት ይፈጃል።

የተዋጊው ዓሣ እንቁላል በመቶ የሚቆጠር ሲሆን፤ በአፍ የሚታቀፉት ግን የሚጥሉት ጥቂት ነው። እንቁላላቸውም ተለቅ ያለ ነው። አፍ ጠባብ ቤት ስለ ሆነ ብዛት ቀርቶ ጥበቃ በዝቷል ማለት ነው።

4ኛ፤ የአባትየው ጾም

ከዚህ በኋላ ወንዱ ጉንጩ አብጦ፤ ቅጠል ሥር ተሸሽጎ ይቀመጣል። አየር ያገኙ ዘንድ እንቁላሎቹን በአፉ ውስጥ እያገላበጠ፤ ምግብ ሳይቀምስ ከ10 እስከ 21 ቀን ሊቆይ ይችላል። የትንኝ እጭ በአፍንጫው ፊት ሲያልፍ ዓይኑ ይከተለዋል፤ አፉን ግን አይከፍትም።

የአርቢው ፈተና እዚህ ላይ ነው። ወንዱ ከደነገጠ እንቁላሎቹን ይውጣል። ልጅ እግር የሆነ ወንድ ማንም ሳይነካው እንኳ ሊውጥ ይችላል። በእኔም ገንዳ የመጀመሪያው ጊዜ በ4ኛው ቀን ጉንጩ ጎድሎ ተገኘ። በሁለተኛው ጊዜ ግን እስከ መጨረሻው ጸና። በዚያን ጊዜ የቤተ ሰባችን ሥራ ምንም አለመሥራት ነበር። ገንዳውን አላንቀሳቀስንም፤ መስተዋቱን አልመታንም፤ ታናናሾቼም በሩቁ ቁጭ ብለው ይመለከቱ ነበር። በ14ኛው ቀን ማታ ከአባትየው አፍ የወጡ 17 ጫጩቶች በቅጠሉ መካከል ሲዋኙ ቈጠርን።

5ኛ፤ ከዚያ በኋላ

ጫጩቶቹ ሲወጡ የተሟሉ ትንንሽ ዓሦች ስለ ሆኑ አዲስ የተፈለፈለ የአርቴሚያ እጭ ወዲያው ይበላሉ። አባትየው ከስቶ ይታያል። ስለዚህ ከሴቲቱ ለይቶ ጥቂት ሳምንት መቀለብ ይገባል፤ አለዚያ ሳያገግም ሁለተኛ ጾም ይጀምራል። የተረፉትን ዓሦች ለሌላ አርቢ መስጠት ነው እንጂ ወደ ወንዝ ወይም ወደ ሐይቅ መልቀቅ አይገባም። የውጭ አገር ዓሣ የአገሩን ዓሣ ምግብና ቦታ ሊቀማ፤ በሽታም ሊያመጣበት ይችላልና።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እንስሳ ማርባት ማለት ዘወትር እጅን ማስገባት የሚመስለን ብዙዎች ነን። ይህ ትንሽ ዓሣ የሚያስተምረን ሌላ ነው። ውሃውን ማጥራት፤ ምግቡን ማዘጋጀት፤ ጠላቱን ማራቅ የእኛ ድርሻ ነው። የቀረውን አባትየው ያውቅበታል፤ እኛም እጃችንን ሰብስበን እንጠብቅ።