የአሰላ ተማሪና የሚተነፍሰው አየር

ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና የሚዘጋጅ ተማሪ ስለ አተነፋፈስ ሲጠየቅ የሸመደደውን ቃል በቃል ይወጣዋል። ጥያቄው ጥቂት ዞር ብሎ ሲመጣ ግን ግራ ይጋባል። ጥር 2015 ዓ.ም. ይፋ በሆነው የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ግማሹንና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ምክንያቱ ብዙ ቢሆንም ሽምደዳ አንዱ መሆኑ አያጠራጥርም።

እስቲ አንድ ጥያቄ እናንሳ። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ብላ በምትገኘው አሰላ አየሩ የያዘው ኦክስጅን በመቶኛ ሲሰላ ከጅቡቲው ያነሰ ነውን? ብዙዎች «አዎን» ይላሉ። መልሱ ግን «አይደለም» ነው፤ በሁለቱም ቦታ 21 በመቶ ያህል ነው። የሚለየው ግፊቱ ነው። በባሕር ጠረፍ 760 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሆነው የአየር ግፊት አሰላ ላይ ወደ 570 ይወርዳል። ከዚህም የኦክስጅን ድርሻ ከ160 ወደ 120 ገደማ ዝቅ ይላል።

ይህ ምን ለውጥ ያመጣል ቢሉ፣ ጋዝ የሚጓዘው ግፊቱ ከበዛበት ወዳነሰበት ስለሆነ ነው። ሳንባ ውስጥ አልቪዮላይ የሚባሉ በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠሩ ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች አሉ። ግድግዳቸው የአንድ ሴል ውፍረት ብቻ ያለው ሲሆን በቀጫጭን የደም ሥሮች ተከበዋል። ኦክስጅን ወደ ደም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ ከረጢቱ የሚሻገረው በዚሁ የግፊት ልዩነት ነው። በደጋ ልዩነቱ ሲጠብ ሰውነት መላ ይፈልጋል፤ አተነፋፈስን ይጨምራል፣ ኩላሊትም በሚያመነጨው ሆርሞን አማካይነት መቅኔ ብዙ ቀይ የደም ሴል እንዲሠራ ያዛል። የአሰላው ኃይሌ ገብረሥላሴና የበቆጂዋ ደራርቱ ቱሉ ያደጉት በዚህ አየር ነው።

ትምህርቱ ግን ለፈተና ብቻ አይደለም። በአርሲ ብርድ በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል አጠገቡ አድርጎ የሚያጠና ተማሪ ጥቂት አይደለም። ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። ሄሞግሎቢንን የሚይዘው ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ በመሆኑ ደም እየተዘዋወረ ሰውነት በኦክስጅን እጦት ይጎዳል። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ይጀምራል፤ ድካም ይከተላል። ተማሪው እንቅልፍ የመጣበት ይመስለዋል፤ ያ እንቅልፍ ግን ላያነቃው ይችላል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፣ ልጆቻችሁ ከመተኛታቸው በፊት ከሰሉን ወደ ውጭ አውጡ፤ ብርድ ቢሆንም መስኮቱን ክፈቱ። ተማሪዎችም ይህን ምዕራፍ ስታጠኑ የምትተነፍሱትን አየር እያሰባችሁ ይሁን። የገባችሁን ነገር ፈታኙ በየትኛውም በኩል ቢያዞረው አትስቱትም።