ጉርሻ ደረት ላይ ሲቆም፦ አካሌዥያ ምን ዓይነት ሕመም ነው?

የተዋጠ ምግብ ወደ ጨጓራ የሚወርደው በራሱ ክብደት ብቻ አይደለም። 25 ሴንቲ ሜትር ያህል የሚረዝመው የምግብ ቧንቧ ጡንቻዎቹን ከላይ ወደ ታች በተራ እያኮማተረ ይገፋዋል፤ በግርጌው እንደ በር የሚያገለግለው ክብ ጡንቻም ላልቶ ያሳልፈዋል። ቁልቁል የተዘቀዘቀ ሰው እንኳ ውሃ መዋጥ የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

አካሌዥያ በተባለው ሕመም ግን ይህን ሥራ የሚመሩት፣ በቧንቧው ግድግዳ ውስጥ የሚገኙት የነርቭ ሕዋሳት ቀስ በቀስ ይሞታሉ። ግፊቱ ይጠፋል፤ በሩም አልከፈት ይላል። ምግቡ ደረት ውስጥ ሲከማች ቧንቧው በጊዜ ብዛት እየሰፋ ይሄዳል። የሕዋሳቱ መሞት ምክንያት በአብዛኞቹ ታማሚዎች ላይ በውል አይታወቅም።

ሕመሙ በዓመት ከ100,000 ሰዎች አንዱን ገደማ የሚይዝ በመሆኑ ሐኪሞችም ቶሎ አያስቡትም። ደረቱን የሚያቃጥለውና ምግብ የሚመለስበት ሰው «ጨጓራ ነው» ተብሎ የአሲድ መቀነሻ ሲወስድ ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ።

ዋናው መለያ ያለው በአዋዋጡ ላይ ነው። አካሌዥያ ብዙውን ጊዜ ከጅምሩ እንጀራውንም ውሃውንም ያስቸግራል። የሚመለሰው ምግብ ጨጓራ ያልደረሰ፣ ያልተፈጨ ነው፤ ሌሊት ትራስ ላይ ሊገኝ፣ ሳልም ሊያስከትል ይችላል። በአንጻሩ መጀመሪያ ሥጋና ዳቦ፣ ቆይቶ ገንፎ፣ በመጨረሻም ውሃ አልወርድ ካለ ካንሰር ይጠረጠራል። የምግብ ቧንቧ ካንሰር በአርሲና በባሌ በብዛት የሚታይ በመሆኑ ይህ ልዩነት ለኢትዮጵያውያን ትርፍ ዕውቀት አይደለም። ሆኖም ካንሰር አካሌዥያን መስሎ ሊመጣ ስለሚችል በሁለቱም ረገድ የኢንዶስኮፒ ምርመራ ግድ ነው።

ኢንዶስኮፒው ንጹሕ ሆኖ መገኘቱ ግን አካሌዥያ የለም ማለት አይደለም። ባሪየም ተጠጥቶ በሚነሣ ራጅ የቧንቧው ጫፍ እንደ ወፍ መንቁር ሾሎ ይታያል፤ እርግጡን የሚናገረው ደግሞ የጡንቻዎቹን ግፊት የሚለካው ማኖሜትሪ ነው።

እንግሊዛዊው ሐኪም ቶማስ ዊሊስ በ1674 ስለ አንድ ታማሚ ሲጽፍ፣ ሰውየው በየማዕዱ ጫፉ ላይ ስፖንጅ የታሰረበት፣ ከዓሣ ነባሪ የተሠራ ዘንግ እየዋጠ ምግቡን ወደ ታች ይገፋ እንደነበር መዝግቧል። ዛሬ ጡንቻው በፊኛ ይለጠጣል፤ አለዚያም ጀርመናዊው ኤርንስት ሄለር በ1913 በጀመረው ቀዶ ሕክምና ይሰነጠቃል። ከ2008 ወዲህ ደግሞ ጃፓናዊው ሐሩሂሮ ኢኖዌ ባስተዋወቀው ዘዴ ሆድ ሳይከፈት በአፍ በኩል በገባ ኢንዶስኮፕ ይቆረጣል። የሞቱትን ነርቮች የሚመልስ ሕክምና ግን የለም፤ በሩ ሲላላም አሲድ ወደ ላይ ሊመለስ ስለሚችል ክትትሉ ይቀጥላል።